ጋሽ በላቸው የዘለሏት ድምፅ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ገና ዓመት አልሞላውም። ሳክስፎኔን ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብያለሁ።

የምኖረው ናይሮቢ ሳክስፎን እየነፋሁና እያስተማርኩ ነው። ከእኔ በፊት እዚሁ ከተማ ጋሽ በላቸው የሚባሉ ያገራችን ሰው ጃዝ ይጫወቱ ነበር። በአካል አላገኘኋቸውም፤ እኔ ስመጣ አርፈዋል። የቀረው አንድ ካሴት ነው። ዜማዎቻቸውን ከዚያ ላይ አጠናሁና የመታሰቢያ አልበም ልሠራላቸው ቆርጬ ተነሳሁ።

አንደኛው ዜማ ከሁሉም ይለያል። ወርዶ ወርዶ የመጨረሻዋን ወፍራም ድምፅ ሊነካ ሲል ዘሎ ሽቅብ ይወጣል። ይህ የሊቅ ሥራ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ለፋሁበት። ተማሪዎቼ ሳይዘሉ ሲወርዱ እንኳ «ጋሽ በላቸው እንዲህ አልነፉትም!» እያልኩ እቆጣ ነበር።

የቀረጻው ቀን ከእሳቸው ጋር ድራም ይመቱ የነበሩትን ኤርትራዊ አዛውንት፣ ጋሽ ሀብቶምን፣ ከኢስትሊ ሰፈር በማታቱ ታክሲ ይዤ ላቪንግተን ወዳለው ስቱዲዮ ወሰድኳቸው። ሐሳቤ እንዲመርቁኝ ነበር።

ዜማውን ነፋሁላቸው። ዝላዩ ላይ ስደርስ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

«ልጄ፣ የሰውየውን ችሎታ ትተሽ ስብራቱን ወረስሽ» አሉኝ። «ከሞያሌ ስንመጣ ሳክስፎኑ ከመኪና ወድቆ የታችኛው ቁልፍ ተሰበረ። ያላየው ፈንዲ፣ ያላየው ዕቃ ጠጋኝ የለም፤ የሚጠግነው ጠፋ። ያቺ ድምፅ እምቢ ስላለችው ነው የሚዘላት። ቤቱ ሲገባ በአፉ ያንጎራጉራት ነበር። ዳግመኛ ሳይነፋት ሞተ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወዲያው ግን እልህ ያዘኝ። እሳቸው ቸግሯቸው የዘለሏትን እኔ በደህና ሳክስፎን አልዘላትም አልኩ።

ስቱዲዮው የተያዘልኝ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ተረኞቹ በር ላይ ቆመዋል። ባለቤቱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሐበሻ ነው። «ዳዳ፣ እህቴ፣ ቅድም የቀረጽነው ቴክ ሳዋ ነው፣ ምንም አይልም፤ በቃ እሱን እንውሰድ» አለኝ።

እምቢ አልኩት።

ሁለት ዓመት ዝላይ የለመደ ጣት በአንድ ቀን አይታረምም። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አምስቴም እጄ ራሱ ዘለለ። በስድስተኛው ባልዘልም ትንፋሼ ከዳኝ። ከንፈሬ አብጧል፤ ላቤ ይንጠባጠባል። ማልቀስ ሁሉ አማረኝ።

ጋሽ ሀብቶም ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ። «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ። አትፍሪያት» አሉኝና በሻከረ ድምፃቸው፣ ጓደኛቸው ቤቱ ሲገባ ያንጎራጉራት እንደነበረው አንጎራጎሩልኝ።

በሰባተኛው ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ደረስኩ። ትንፋሼ እስኪያልቅ ያዝኳት።

ጋሽ ሀብቶም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። «በላቸው፣ ደረስክ» አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት።

የተቆጣኋቸውን ተማሪዎቼን ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅኩ። አፍሬ ነበር፤ አሁን ግን ሀፍረቱ ለቆኛል። ከአልበሙ ውስጥ የጋሽ በላቸው የትኛው ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ካሴታቸው ላይ የሌለችውን ያቺን አንዲት ድምፅ ነው የማሰማው።