ማሂራ ያላየቻቸው ዓሣዎች

ማሂራ ስንት ጊዜ ዱባይ እንደሄደች ብትጠየቅ ከሃያ በኋላ መቁጠር እንደተወች ትናገራለች። አንዋር መስጊድ አጠገብ ባለችው ሱቋ የምትሸጠውን የመጋረጃ ጨርቅ የምታመጣው ከዚያ ነው። የዛሬ ሳምንት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ሰልሳቢልን ይዛ ትበራለች፤ ዓሣ በመስታወት ውስጥ የሚታይበትን ትልቁን አኳሪየም ልታሳያት። እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሰልሳቢል በታይፎይድ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ እናቷ ደግሞ ዱባይ። ልጅቷ በስልክ "ነይ" እያለች ስታለቅስ ማሂራ የምትላት ጠፋት። "አሁን የት እንዳለሁ ታውቂያለሽ? ዓሣዎቹ ፊት ቆሜያለሁ" አለቻት። ሆቴሏ ሊፍት ውስጥ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ያየችውን፣ የመስታወቱን ዋሻና ከላይ የሚያልፈውን ሻርክ፣ እያሳመረች ነገረቻት። ልቅሶው ቆመ። ከዚያ ወዲህ በየጉዞው አዲስ ዓሣ ይጨመር ጀመር።

ሰልሳቢል አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የሰሚስተር ዕረፍት ስለሆነ ከሱቅ አትጠፋም፤ ደብተር ይዛ የጉብኝቱን ፕሮግራም ታወጣለች።

"መንገዱን እማ ታውቀዋለች" ትላለች ለሰው ሁሉ።

ማሂራ "ለጥገና ተዘግቷል ልበላት?" ብላም አሰበች። ልጅቷ ግን የመክፈቻ ሰዓቱን ሳይቀር ከስልክ ላይ አውጥታ ጽፋዋለች። አንዴ ከተነቃባት የሆስፒታሉም ነገር አብሮ መነሳቱ አይቀርም። ሲጨንቃት ጎረቤቷን ጋሼ ሰላሁዲንን ለብቻቸው ጠየቀቻቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ዘመን ተመላልሰዋል። ዓሣ የሚያሳዩበት ቤት በየት በኩል ነው?"

"እኔን?" ብለው ሳቁ። "እኔ የማውቀው ከጅምላ ሱቅ ዕቃ ወደሚላክበት ካርጎ ቤት፣ ከካርጎ ቤት ወደ ሆቴል ነው። ሌላ መንገድ ካገኘሽ ደውይልኝ። ይልቅ የልጅቷ ሻንጣ ባዶ ነው አይደል? አውሮፕላን ላይ የሚፈቀድላትን ኪሎ ለእኔ ዕቃ! ዓሣ ማየት እንደሆነ አይመዝንም።"

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሰጋጁ መንገዱን ሞልቶ እስከ ሱቋ ደፍ ደረሰ። መውጫ አልነበረም። እናትና ልጅ ጣቃዎቹ መሃል ተቀመጡ።

"እማ" አለች ሰልሳቢል በሹክሹክታ፣ "ስንገባ ሻርኩ በቀኝ ነው በግራ?"

ማሂራ "በቀኝ" ልትል አፏን ከፈተች። ከውጭ የኢማሙ ድምፅ ይሰማል።

"አላውቅም" አለች።

"ረሳሽው?"

"አይቼው አላውቅም። ገብቼም አላውቅም፣ ልጄ።"

ልጅቷ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። "ሆስፒታል ሆኜ ስትነግሪኝስ?"

"ካርጎ ቤት ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ካለፈኝ ዕቃው ይቀራል፤ እኔም አብሬው ልቀር ነው። አንቺ ደግሞ ስታለቅሺ..."

"እኔ እኮ ለነርሷም ነግሬያታለሁ" አለች ሰልሳቢል። "እናቴ ዓሣ እያየች ነው ብዬ።"

ማሂራ ይህን አታውቅም ነበር። አንገቷን ደፋች።

ሶላቱ አበቃ። ሰጋጁ ምንጣፉን እያጠፈ ተነሳ። ሰልሳቢል ደብተሯን ገልጣ የመጀመሪያውን ቀን ፕሮግራም ሰረዘችው።

"መጀመሪያ ካርጎ ቤቱን ነው የማየው" አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

"እዚያ ምን አለና? ካርቶንና ሰልፍ ነው።"

"ይሁን። የት ቆመሽ እንደነበር አሳዪኝ።"

ደጅ ላይ አንድ ደንበኛ "ሱቅ!" እያለ ይጣራል። አንዳቸውም አልተነሱም።