ወፍጮው ሲቃጠል የት ነበርክ?

ኤልዊን ቶርፕ ክፉ ሰው የሚሆነው በዓመት ስድስት ቀን ብቻ ነበር፤ በሐምሌ፣ በፍርድ ቤቱ ግቢ፣ ሣሩ ላይ በተደረደሩት ወንበሮች ፊት። በቀረው ጊዜ የትምህርት ቤታችንን አራት ቁጥር አውቶቡስ የሚነዳ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

ከተማችን ላርኪንስ ፎርድ፣ እዚሁ ሚዙሪ ውስጥ፣ በአንድ ልብ ወለድ ካልሆነ በሌላ አትታወቅም። የጻፈችው የዚሁ ከተማ ልጅ ሚስ ኦገስታ ፔል ናት፤ ከሞተች ሰማንያ ዓመት ሆኗታል። መጽሐፉ ውስጥ ናታን ዌልስ የሚባል የባለ ወፍጮ ልጅ አለ፤ ኦባዲያ ክሮል የሚባል ፈረስ ነጋዴም አለ። የናታን ወፍጮ ይቃጠላል፣ ክሮል ከአገር ይባረራል። አያቶቻችን ይህን ወደ ቴአትር ለወጡት፣ እኛም በየዓመቱ እናሳያለን። ቴሌቪዥን በየቤቱ ከገባ በኋላ እንኳ ሰው አልቀረም።

ሰው የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው። በሦስተኛው ክፍል ክሮል ብቻውን ወደ መድረክ ሲወጣ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ተነሥቶ ይጮኻል። «ወፍጮው ሲቃጠል የት ነበርክ፣ ክሮል?» ክሮል መልስ አይሰጥም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይስቃል። ልጆች ያን ጊዜ ከኪሳቸው የበቆሎ ቆረቆንዳ እያወጡ ይወረውሩበታል። ደንቡ እንዲህ ነው።

ኤልዊን ይህን ቦታ የያዘው የፊተኛው ክሮል እግሩን ሰብሮ ሰው ሲጠፋ ነው። ያኔ ጮክ ብሎ መናገር እንኳ የሚያፍር ሰው ነበር። ሳቁን ያስተማረችው ሚስቱ ኦፓል ናት፤ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ በአጥር በኩል እሰማ ነበር። ዶሮ ቤት አስገብታ ታለማምደዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሳቅ ነው ማስነጠስ?»

«ዶሮዎቹ እያዩኝ እንዴት ልሳቅ?»

«እንዲያውም ዶሮዎቹን አስደንግጣቸው! እንደገና!»

ዶሮዎቹ አንድ ሳምንት እንቁላል አልጣሉም። በኋላ ግን ያ ሳቅ ከሰውዬው ተለይቶ የማይወጣ ሆነ። ኮቱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ወገቡን አስፍቼዋለሁ፤ ኦፓል ከሞተች በኋላ ደግሞ መልሼ አጠበብኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ማለት ይህ ነው።

ባሌ ከሞተ ወዲህ መኪና የለኝም። የምሠራው በትምህርት ቤቱ ማብሰያ ቤት ስለሆነ በየማለዳው የኤልዊን አውቶቡስ ላይ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነኝ፤ ከኋላው እቀመጣለሁ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት አንደኛ ክፍል የገባው ሁሉ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጮኻል። «ወፍጮው ሲቃጠል የት ነበርክ፣ ክሮል?» ኤልዊን መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ይስቅና፣ «ግቢና ቁጭ በይ፣ አንቺ ውሪ! ከክሮል ጋር ቆሞ መሄድ ክልክል ነው» ይላል። ሪዙን ዓመቱን ሙሉ የሚያሳድገው ለዚሁ ነው። ከዚያች መኪናና ከዚያ ጩኸት በቀር የቀረው ነገር አልነበረም። ይህን ደግሞ ያውቃል።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ እናቴ ታማ ታናናሾቼን የሚያሳድግ ጠፋ። መጽሐፉን ያነበብኩት በአርባ ዓመቴ፣ ልብስ ከመስፋት በማርፍበት ሰዓት ነው። አንብቤ ስጨርስ የሆነ ነገር የዘለልኩ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። ክሮል ወፍጮውን አቃጠለ የሚል የለበትም። በዚያን ቀን መንገድ ላይ ታየ ነው የሚለው፤ በቃ። ናታንም ቢሆን ያን ያህል ጀግና አይደለም፤ ይጠጣል፣ እናቱን ይዋሻል፣ ክሮልን ሲያባርሩት መስኮት ዘግቶ ይቀመጣል። የቴአትር ኮሚቴውም የትምህርት ቤቱ ቦርድም ሰብሳቢ የሆኑትን ሚስተር ፕራተርን አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«መጽሐፉ ላይ እኮ ማን እንዳቃጠለው አይናገርም።»

«ዊልማ» አሉኝ፣ «ሰው በፀሐይ ወንበር ላይ ተቀምጦ 'አይናገርም' ሲባል አይሰማልሽም። ልብሱን ስፊ።»

ልብሱን ሰፋሁ። ለክሮል ጥቁር ኮት፣ ለናታን ነጭ ሸሚዝ።

ነጩን ሸሚዝ አሥራ አንድ ዓመት የለበሰው ዱዌይን ላንግ ነው። መልከ መልካም ገበሬ ነው፤ የአባቱ ድርቆሽ በካውንቲው የተመሰገነ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ በየሚያዝያው ሳልጠራው መጥቶ የጓሮዬን መሬት ያርስልኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለው ነገር ስላለ ነው።

ባለፈው ሰኔ ዝናቡ አንድ ቀን እየዘለለ ይጥል ነበር። ልምምዱን ያደረግነው በዱዌይን የድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ነው። እኔ መርፌ አፌ ላይ ይዤ የኤልዊንን ኮት እየለካሁ ሳለ፣ ድንገት አፍንጫውን ወደ ድርቆሹ ቁልል አዞረ። የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ ይመጣ ነበር። ግድግዳው ጥግ የቆመውን ረጅም ፌሮ አንሥቶ ቁልሉ መሃል እስከ እጀታው ሰካው። ቡና እስክንጠጣ ቆይቶ መዘዘው።

«ዊልማ፣ ንኪው።»

ነካሁት፤ ወዲያው ለቀቅኩት። ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር።

«ዱዌይን» አለ ኤልዊን፣ «ይሄን ድርቆሽ እርጥቡን ነው ያሰርከው።»

«ኧረ ደርቋል ባክህ!»

«ና እስቲ ንካው። ዛሬውኑ አውጥተህ ሜዳ ላይ በትነው። እርጥብ ድርቆሽ ሲቆለል በራሱ ይግላል፤ ውስጡ እየነደደ ነው።»

ዱዌይን አልነካውም። ዙሪያውን ቆመን የምናየውን ሰዎች ተመለከተና ሳቀ። «ሰማችሁ? ክሮል ወፍጮው ሰልችቶት ዘንድሮ የኔን መጋዘን ሊያቃጥል ነው!»

ሁሉም ፈነዳ። ኤልዊንም የክሮልን ሳቅ ሳቀላቸው፤ ከመከራከር ይቀላል። ግን ሲወጣ ፌሮውን መልሶ ሰክቶት፣ «በየቀኑ እየመዘዝክ ንካው» አለው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሳለን መጋዘኑ ነደደ። የዱዌይን ልጅ የጆሌን ፈረስ ውስጡ ነበረች። ጆሌን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የልጅቷን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ።

ኤልዊን ኦፓል ከሞተች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል። በዚያ ጠዋት ወንዝ ወርዶ አምባዛ ሲያጠምድ ነበር፤ ያየው ሰው የለም። መኖ መሸጫው በር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሰኞ ዕለት፣ «መጋዘኑ ሲቃጠል የት ነበርክ፣ ክሮል?» ብለው ቀለዱበት። ሐሙስ ላይ ያንኑ ሲጠይቁት የሚስቅ አልነበረም። ሸሪፉ መጥቶ አነጋግሮት ምንም ሳያገኝ ሄደ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተነሥተን የጮኽንበት ሰው ነው፤ ለማመን ብዙ አላስቸገረንም።

ዱዌይን አልከሰሰውም። ዝም አለ፤ ያደረገው ይህን ብቻ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ ጠበቅሁት። እንጀራዬ በሚስተር ፕራተር እጅ ነው፤ መሬቴን የሚያርስልኝ ዱዌይን ነው። ድካምም አለ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ ለእውነት ብዬ መልሼ የማጠልቅበት ጉልበት አልነበረኝም።

ሐምሌ ላይ ቴአትሩ አልቀረም። በሦስተኛው ክፍል ሕዝቡ ተነሥቶ ሲጮኽ ድምፁ ሌላ ነበር። ከቆረቆንዳው መሃል አንድ ድንጋይ መጥቶ ኤልዊንን ቅንድቡ ላይ መታው። እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ድንኳን ውስጥ ደሙን ስጠርግለት፣

«ማን ነው የወረወረው?» አልኩት።

«አላየሁም።»

«አይተሃል።»

«ዊልማ፣ ልጅ እንዲህ አርቆ አይወረውርም። ተይው።»

በነሐሴ ወር አሥራ አንድ እናቶች ለቦርዱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ልጆቻችንን ያ ሰው አይንዳቸው የሚል። ስብሰባው የተጠራው ከእራት በፊት፣ ትምህርት ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው። እኔ ቡና የምቀዳ ስለሆንኩ ነበርኩ። ኤልዊን የእሑድ ልብሱን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። የአውቶቡሱን ቁልፍ ጭኑ ላይ ይዟል፤ አምጣ ቢሉት ሲፈልግ እንዳያቆያቸው ይመስለኛል።

ሚስተር ፕራተር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኤልዊን፣ ከሳሽ የለህም። ወላጆች እንዲረጋጉ ያህል ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ መጋዘኑ ሲቃጠል የት ነበርክ?»

ኤልዊን ተነሣ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። ሳቀ።

ያ ሙሉ ሳቅ፣ ዶሮ ቤት የተለማመደው። ፈልጎት አልነበረም፤ ጥያቄው ሲመጣ ሰውነቱ የሚያውቀው መልስ ያ ብቻ ነው። መሃል ላይ ራሱ ሰማውና እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «አያችሁት?» አለች፤ ቦርሳዋን አነሣች። ሚስተር ፕራተር ብዕራቸውን አነሡ።

የቡናውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጥኩ። «ሚስተር ፕራተር፣ ድርቆሹ እርጥብ ነበር» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ደግሜ አልኩት። ስለ ሽታው፣ ስለ ፌሮው፣ ኤልዊን ስላለው፣ እኛ ስለሳቅነው ነገርኳቸው። «ሲናገር የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ስድስት ሰው ነበርን።» አምስቱ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ዱዌይን በሩ አጠገብ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። ሚስተር ፕራተር፣ «እውነት ነው?» አሉት።

«ድርቆሽ መቼም ይሞቃል» አለ።

«ፌሮውስ?»

ባርኔጣውን አንድ ጊዜ ሙሉ ዙር አዞረው። «አመዱ ውስጥ አገኘሁት። መኪናዬ ላይ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምነው ሰውዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ?»

«ፈረሷን የገደልኩት እኔ መሆኔን ጆሌን እንዳታውቅ» አለና በሩን ከፍቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ እንኳ ድምፅ ሲሰጥ ሦስት ለሁለት ነበር። ቁልፉ ኤልዊን እጅ ላይ ቀረ። ሲወጣ አጠገቤ ቆም ብሎ፣ «ቡናሽ ቀዘቀዘ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም። ቶሎ ብትናገሪ ኖሮ አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዱዌይን ነጩን ሸሚዝ አጥቦ፣ አጥፎ፣ ደጃፌ ላይ አስቀምጦልኝ ሄዷል። ሚያዝያ ሲመጣ መሬቴን ያርስልኝ እንደሆነ አላውቅም። ኮሚቴው ለሚቀጥለው ሐምሌ ክሮልን ትጫወታለህ ወይ ሲለው ኤልዊን፣ «ፀደይ ሲመጣ ጠይቁኝ» አለ። ጥቁሩ ኮት እኔ ዘንድ ተሰቅሏል።

በመስከረም ትምህርት በተከፈተበት ማለዳ እንደ ልማዴ ከኋላው ተቀመጥኩ። ሪዙን ተላጭቶታል፤ የላይኛው ከንፈሩ ገርጥቷል። የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ በሩን ከፍቶ ጉሮሮውን አዘጋጀ። አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ወጣች፣ ደረጃው ላይ ቆማ፣

«እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ቶርፕ» አለች፣ አለፈች። የተከተለውም እንዲሁ። የተከተለችውም።

በሦስተኛው ማቆሚያ ላይ በመስታወቱ አየኝ። «ምን ሆነዋል?»

«እናቶቻቸው መክረዋቸው ነው።»

«ምን ብለው?»

«አክብሩት ብለው።»

ትንሽ ነዳ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሚስተር ቶርፕ ያለኝ ልጅ የለም» አለ። «ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላውቅም።»

«እንደምን አደራችሁ በላቸው።»

«እሱንማ እላለሁ።»

የላንጎች በር ላይ ደረስን፤ ጆሌን አልወጣችም። ደንቡ አንድ ደቂቃ ነው። ኤልዊን ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ፤ ድሮም ይጠብቃታል፣ ሁልጊዜ ዘግይታ የምትመጣ ልጅ ናት። ከመጋዘኑ የቀረው ጥቁር መሬት ከመንገዱ ይታያል፤ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ሌላው መስኮት አዞሩ። በመጨረሻ ወጣች። ሳትሮጥ መጣች፣ ደረጃውን ወጣች፣ የተላጨ ከንፈሩን አይታ እኔ አጠገብ፣ ማንም ልጅ የማይቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ኤልዊን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እስክታስተካክል ጠብቆ በሩን ዘጋ።

እስከ ትምህርት ቤቱ ሰባት ማይል ነው። የጮኸ ልጅ አልነበረም።