የጌትነት ድንክ

እሁድ ከሰዓት... ደብረ ማርቆስ፣ እማማ ይታይሽ ግቢ፣ የልጃቸው የጌትነት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል።

ጨዋታው እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕሪ ሆኖ ታሪክ ውስጥ የሚገባበት ነው። ዘርህን፣ ማለትም ሰው ወይም ድንክ መሆንህን፣ ራስህ ትመርጣለህ፣ ሙያህንም ትመርጣለህ፤ የቀረውን ዳይስ ይወስናል።

ምርጫው መዓት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሁሉም ሰው፣ ሁሉም ጦረኛ! እኔ ጦረኛ፣ ትዕግሥት ጦረኛ። ዲያቆኑ ምናሉማ «አስማተኛ ሁን» ስንለው አማትቦ ሰይፍ መረጠ።

ፈዋሽ የሆነው ጌትነት ብቻ ነው። ድንክ ፈዋሽ። በውኑም ነርስ ነው፤ ኔትወርክ ወደሌለበት ወረዳ ተመድቦ ከሄደ ወዲህ እኛም እናቱም ድምፁን አልሰማንም። ወንበሩን አንነካም። ለድንኩ ዳይስ የምወረውርለት እኔ ነኝ፤ ድንኩንም «ጌትነት» እያልን ነው የምንጠራው።

የዚያን ቀን ድንኩ እኛን ሲያክም ውሎ ራሱ ቆሰለ። ዳይሱን ወረወርኩ... አንድ! ከሁሉ የከፋው ቁጥር። ታሪኩን የሚመራው ሰይድ አንገቱን ነቀነቀ።

«ወይኔ! ጌትነት ሞተ!» ብዬ ጮህኩ።

በሩ ተበረገደ። እማማ ይታይሽ ናቸው፤ ነጠላቸው መሬት ይጎተታል፣ እጃቸው የሳሙና አረፋ ነው።

«እንዲህ ነው መርዶ የሚነገር? ሽማግሌ እንኳ የለ?»

ደርቀን ቀረን። ሰይድ ዘሎ ያዛቸው።

«እማማ፣ ጨዋታ ነው! ወላሂ ጨዋታ ነው!»

በጌትነት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። እስኪወጣላቸው አለቀሱ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቆይተው ድንኩ የተሳለበትን ወረቀት አነሱ።

«ልጄ ረጅም አይደል? ምነው አሳጠራችሁት?»

«ራሱ ነው የመረጠው» አለች ትዕግሥት።

«ሥራውስ?»

«ቁስለኛ ማዳን።»

«እናንተስ?»

«ጦረኛ ነን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እና እሱ ሲቆስል ማን ያክመው?»

ትዕግሥት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰይድ ዳይሱን አንስቶ ኪሱ ከተተ፤ «ይሄ አይቆጠርም» አለ። እኔ ከወረቀቴ ላይ ሰይፌን ሰርዤ «ፈዋሽ» ብዬ ጻፍኩ።

ድንኩ አሁን ቆስሎ ተኝቷል እንጂ አልሞተም... ባለቤቱ ከወረዳው እስኪመጣ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ።