በርበሬ በጀርባዋ ዳገት የወጣች ዕለት

በረንዳችን ላይ አንድ የመኪና ወንበር አለ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው አይቶ ዝም ይላል፤ ደፋሩ ግን «መኪናዋስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥቁር ጨርቁ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት፣ ግራና ቀኙ ከፍ ብሎ ተቀማጩን እቅፍ የሚያደርግ፣ አናጢ የእንጨት እግር የገጠመለት ወንበር ነው። ዝናብ አባርቶ የዲላ ፀሐይ ድንገት ስትወጣበት ይሸታል፤ ቤንዚን ቤንዚን፣ አቧራ አቧራ፣ አዲስ አቡጀዲ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆጮ። ሚስቴ ደጋግማ በሳሙና አጥባዋለች፤ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም እንዲለቅ አልፈልግም። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ መልሼ ጎረምሳ እሆናለሁ፤ ጸጉሬ እንኳ ተመልሶ የበቀለ ይመስለኛል።

ወንበሩ የአንዲት ቀይ፣ አጭር፣ ባለ ሁለት በር መኪና ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ የፈለገውም ጣቃ የምታመላልስለት ትንሽ መኪና ነበር። አንድ ፈረንጅ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲገባ ይቺን ሸጠለት። ለካ በአገሯ የተሠራችው ለመሮጥ ኖሯል። ነዳጅ ረገጥ ሲያደርጓት በፊት ጎማዎቿ መሬቱን ቧጥጣ ትፈተለካለች፤ መሪውንም ከእጅ ልትነጥቅ ትታገላለች። አባቴ አንድ ቀን ብቻ ነዳት። ላቡን እየጠረገ ወረደና ቁልፉን እጄ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ይቺ መኪና አይደለችም፣ በርበሬ ናት» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ሁሉ በርበሬ አላት።

እንግዲህ ለመሮጥ የተሠራችውን መኪና ጣቃ ጫንባት። የለስላሳ ሳጥን ጫንባት፤ ከጪጩ ገበያ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ጫንባት፤ እናቴንም ቤተ ክርስቲያን አደረስንባት። እናቴ ወንበሩ ውስጥ ስትሰጥም ከነጠላዋ በቀር የሚታይ ነገር አይቀራትም ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ወንበር ነው ጉድጓድ?» ትለኝና ሁለት እጇን ትዘረጋለች፤ እኔም ጎትቼ አወጣታለሁ። ስፕሪንጓ ደረቅ ስለነበር የዲላን ጉድጓዶች በዓይኔ ሳይሆን በወገቤ ነበር የማውቃቸው። ማርሚታዋም ጉድ ነው። ገና ቆጮ ተራው ጋ ስደርስ ሱቅ ያሉት ይሰሙኝና አባቴ ሻይ ያዝዝልኛል።

ትልቁ ችግር ግን ሁለት በር ብቻ መኖሩ ነበር። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ከፊት ነው የሚቀመጠው። ከፊት የተቀመጠ ደግሞ ከኋላ ያለው ሰው መውረድ ባማረው ቁጥር መነሳት አለበት። ስለዚህ ያከበርነውን ሰው እንደ በር ጠባቂ ስናስነሳና ስናስቀምጥ እንውላለን። ወንበሩን ወደፊት አጥፌ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ አንዴ ብቻ» ያላልኩት የዲላ ሽማግሌ የለም።

ሚስቴ ያኔ እዚያው ዲላ ኮሌጅ የምትማር የቡሌ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን የአንሶላ ጨርቅ ልትገዛ መጣች። ዝናብ ያዛትና እስከ ኮሌጁ በር አደረስኳት። መስኮቱን ከፍታ ድምጿን ስታዳምጥ ቆየችና፣ «ትንሽ ሆና ትልቅ የምትጮህ፤ አንተን ትመስላለች» አለችኝ። ሙሉ ሌሊት ስድብ ይሁን ሙገሳ ሳሰላስል አደርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ አንሶላ ልትገዛ መጣች።

ሽማግሌ ላክን። አባቷ፣ ማለት የኋላ ኋላ አማቴ የሆነው፣ ቡሌ ላይ ከብትና እንሰት ያለው የተከበረ የጌዴኦ ሰው ነበር። ለካ አንድ ቀን ወደ ወናጎ በሚኒባስ ሲሄድ ቁልቁለቱ ላይ አይቶኛል። ማየት እንኳ አልቻለም፤ እንደ ቀይ ነገር ብልጭ ብዬ አለፍኩት። ሽማግሌዎቹን አክብሮ አስተናገደና እንዲህ ብሎ ሸኛቸው፦ «ልጁ ክፉ አይደለም። ግን ይቸኩላል። እሱ መኪና አይነዳም፤ መኪናው ነው እሱን የሚነዳው።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ወደኔ ዞር ብላ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችና እንባዋን ጠረገች። ልጅቷ ጋ ሄድኩ። እሷ እንኳ አባቷን ትመክርልኛለች ብዬ ነበር። «እወድሃለሁ» አለችኝ፤ በአፏ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር። «ያለ አባቴ ምርቃት ግን ከዚያ ቤት አልወጣም። እሱ እምቢ ካለ እኔም እምቢ ነኝ።» የመውደዷ ደስታና የእምቢታው ድንጋጤ አንድ ላይ ሲመጡብኝ የቱን ማስቀደም እንዳለብኝ ጠፋኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሽማግሌ ተለመነ። ሦስት ነበሩ። ጎረቤታችን ሐጂ፣ እሳቸው ሰፊ ሰው ናቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ የእናቴ የንስሐ አባት፤ ሦስተኛው ደግሞ ከጪጩ የመጡ ቀጭን የጌዴኦ አዛውንት። ሐጂ ከመሄዳቸው በፊት አስጠነቀቁኝ። «ዛሬ እምቢ ከተባልን በቃ። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ የሰው በር ላይ አልቆምም።»

በርበሬ ወደ ቡሌ ዝር እንዳትል ተመክሯል። አንድ ዘመዳችን ጠንካራ የመስክ መኪና ሊያመጣ ቃል ገብቶ ነበር። ጠዋት ላይ ለቅሶ ደርሶበት እንደማይመጣ ላከብን። ቡሌ ደግሞ ቀኑ ተነግሮታል፤ ሽማግሌ የቀጠረውን ቀን አያጥፍም። አባቴ ቁልፉን ሰጠኝና፣ «ከሰውዬው ቤት ዳገት ሥር አውርዳቸውና ተደበቅ። አንተም እንዳትታይ፣ እሷም እንዳትታይ» አለኝ።

መጀመሪያ ሱቃችን በር ላይ ሌላ ሽምግልና ተነሳ። «አባ ከፊት ይግቡ።» «ኧረ ሐጂ ይቅደሙ።» «በእግዚአብሔር!» «ወላሂ አልገባም!» ሁለቱ ሲገባበዙ የጪጩው አዛውንት ዱላቸውን ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላ ገቡ። በመጨረሻ ቄሱ አሸነፉና ሐጂን ከፊት አስቀመጧቸው። ወንበሩ ሐጂን ግጥም አድርጎ ያዛቸው።

ወደ ቡሌ ስንወጣ ብርዱ እየጨመረ፣ ጭጋጉ እንሰቱ ላይ እየተንጠለጠለ መጣ። እኔ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ከዳገቱ ሥር ስንደርስ ግን ደነገጥኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ቀዩ አፈር ቅቤ ሆኗል። ሐጂ በመስኮት አዩት፣ ጉልበታቸውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ይህን በእግሬ ልወጣው አይደለም» አሉ። ምርጫ አልነበረኝም። መኪናዋን ወደ ዳገቱ አቀናሁ።

ጥቂት እንደወጣች የፊት ጎማዎቿ በቦታቸው መሽከርከር ጀመሩ። ጩኸቷን የሰማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊረዳን ሮጦ መጣ። እዚያ አገር መኪና ሲንሸራተት መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ከኋላ ይከበድበታል። ፒክአፕ ሁሉ የሚወጣው እንደዚያ ነው። «ከኋላ ክበዱት!» አለ አንዱ፤ ጎረምሶቹ የዕቃ መጫኛዋ ላይ ተንጠለጠሉ። የእኛዋ ግን የምትጎተተው በፊት ጎማዎቿ ነው። ከኋላ በከበዷት ቁጥር አፍንጫዋ ቀለል ይላል፤ አፍንጫዋ ቀለል ባለ ቁጥር ጭቃውን ታቦካዋለች። «ኧረ ውረዱ!» ብል ማን ይስማኝ፤ የጨመሩ መስሏቸው ሁለት ሰው ተጨመረ። ጭቃው ፊታቸውን ሲያለብሳቸው ሳቃቸው ዳገቱን ሞላው።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአንድ ክረምት ጪጩ ጭቃ ውስጥ ገብቼ፣ ወደፊት እምቢ ያለችው በርበሬ ወደኋላ ስነዳት የጪጩን ዳገት ቀጥ ብላ ወጥታው ነበር። በጀርባዋ ስትወጣ ክብደቷ ሁሉ በሚሠሩት የፊት ጎማዎቿ ላይ ያርፋላ። ሰዎቹን ለምኜ አስወረድኩና ወደ ታች መልሼ ከዳገቱ ሥር ባለችው ሜዳ ላይ አዞርኳት።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ ቄሱ።

«በኋላ ማርሽ ልወጣ ነው፣ አባ።»

«በጀርባ! ጀርባ ሰጥቶ ልጅ ይጠየቃል እንዴ?»

የጪጩው አዛውንት ግን ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጀርባ የሚሰጠው መኪና ነው። እኛ ፊታችንን ካዞርን ይበቃል» አሉ። እናም ሦስቱም ተጣመው ወደኋላ ዞሩ። ሐጂ ብቻ ወንበሩ አልለቃቸው ብሎ በአንገታቸው ዞሩ።

ቀኝ እጄን ሐጂ ወንበር ላይ ጣል አድርጌ፣ አንገቴን አስግጌ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት። በርበሬ ወጣች! እንደዚያ ቀን ተለሳልሳ አታውቅም። ከበስተኋላችን፣ ማለት ከበስተፊታችን፣ የአማቴ አጥር ብቅ አለ። ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ አንዲት ሆዷ የገፋ ላም መንገዱ መሃል መጥታ ቆመች።

«ክላክስ አድርግላት» አሉ ቄሱ። «ከቆምክ አትነሳም!» አሉ ሐጂ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። እኔ ግን ቆምኩ፤ ክላክሱንም አልነካሁትም። ላሚቱ የኋላውን መስታወት አሽትታ፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አይታ፣ ሲበቃት ሄደች። ፍሪሲዮኑን መልሼ ለቀቅኩት። ጎማዎቹ አንዴ ተንሸራተቱ፤ ከዚያ ያዙ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» ሲሉ ቄሱ «አሜን!» አሉ።

አማቴ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ ሁሉንም አይቷል። በኋላው መስታወት ሦስት የተጠመጠሙ ራሶች ትክ ብለው ያዩታል። እኔም መደበቂያ አልነበረኝም። አማቴ መኪናዋን አንዴ ዞራትና፣ «የዚህ ሰውዬ ፊቱ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። መኪናዋን ማለቱ ነበር። ሽማግሌዎቹን ይዞ ገባ።

እኔ ደጅ ቀረሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የሚታየኝ የሐጂ ጀርባ ብቻ ነው። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ስለዚህ ዓይኔን ከዚያ ሰፊ ጀርባ ላይ አልነቀልኩም። ቆመዋል። አሁንም ቆመዋል። ጉልበታቸውን ሲያሹ አየሁ። ውስጥ አማቴ በለሆሳስ ሲናገር ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ ያ ሰፊ ጀርባ ቀስ እያለ ዝቅ፣ ዝቅ አለና ከዓይኔ ተሰወረ።

ሐጂ ተቀመጡ!

ከእንሰቱ ኋላ ሳቅ ሰማሁ። ልጅቷ እዚያ ቆማ ዳገቱን መውጣት ከጀመርን አንስቶ ስታየን ኖሯል፤ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም። እኔም በርበሬን ኮፈኗ ላይ ሳምኳት። ከንፈሬ ጭቃ ሆነ።

አማቴ ምን እንዳለ ስንመለስ ሐጂ ነገሩኝ። «ወናጎ ላይ ለሰው ያልታገሠ ልጅ፣ ዛሬ ላሜን ጠበቀ። ተምሯል ማለት ነው።» እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ቀን ስለ ትዕግሥት አላሰብኩም። የላሟ ቀንድ የበርበሬን ቀለም እንዳይጭርብኝ ፈርቼ ነው። ከዓመታት በኋላ ለአማቴ ስነግረው ሳቀ። «አውቃለሁ። ላሟ መስታወቱን ስታሸት ፊትህን አይቻለሁ» አለኝ። «ቀለም የሚጠብቅ ሰው ሚስትም ይጠብቃል።»

ከሠርጉ በኋላ ዲላ ሲመጣ እሱን የምናመላልሰው በበርበሬ ነበር። ከፊት ግባ ብንለው እምቢ አለ። «ከፊት የተቀመጠ ሁልጊዜ ይነሳል። ከኋላ ለተቀመጠ ግን ሰው ሁሉ ይነሳለታል።» ስንደርስ ከኋላ ሆኖ «በሉ አውርዱኝ!» ይላል፤ ሚስቴ ወንበሩን ወደፊት አጥፋ እጁን ትይዘዋለች። እኛ ልጆች ወለድን፤ በርበሬም እነሱን ትምህርት ቤት እያደረሰች፣ ቆጮና ጣቃ እየጫነች አረጀች። ዕቃዋ ከገበያ ጠፋ፤ መጨረሻ ላይ ገላዋን ጋራዥ ወሰደው። ሚስቴ ወንበሩን ብቻ አስቀረችው።

አማቴ ከዚያም በኋላ ሲመጣ በረንዳው ላይ ከወንበሩ ኋላ ባለው አግዳሚ ነበር የሚቀመጠው። በግራም በቀኝም መውጫ ሞልቶታል። እሱ ግን ሲነሳ «በሉ አውርዱኝ!» ካላለ አይነሳም፤ ሚስቴም ወንበሩን ታጥፍለታለች። ልጆቹ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር።

አማቴ ባለፈው ክረምት አረፈ። ትናንት ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ያ ሽታ ሸተተኝና ወደ በረንዳው ወጣሁ። ሚስቴ አግዳሚውን ጠርጋ ጨርሳ፣ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቆማለች። ወንበሩ ወደፊት ታጥፏል። እጇ ገና እላዩ ላይ ነበር።

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ወንበሩን አልመለስኩትም፤ እሷም አልመለሰችውም። እስኪመሽ እንደታጠፈ ቆየ።