የአጎቴ ሦስት መኪኖችና የወጥ ቤቱ ቧንቧ

ዋይሊ የምትባል የአሜሪካ ከተማ እንደ ገባሁ አጎቴ መጀመሪያ ያዘዘኝ ሥራ ቤቱን ውሃ ማጠጣት ነበር። ሣሩን አላለም፤ ቤቱን ነው ያለው። በየቦታው የተበሳሳ ጥቁር የውሃ ጎማ ግድግዳው ሥር ዙሪያውን ተጋድሟል። ሥራዬ ጠዋት መክፈት፣ ፀሐይ ሲበረታ መዝጋት ነው።

ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ልጠይቅ ስል ቃሉን አፌ ውስጥ አገላብጬ አገላብጬ መልሼ እውጠው ነበር። ስለዚህ ከመጠየቅ ይልቅ ማየት ለመድኩ። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ አፈሩን አየሁት። ጥቁር መሬት ነው፤ በሰመር ሙቀት ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ከቤቱ መሠረት ይሸሻል። ስንጥቁ ውስጥ እጄን ብሰድ እስከ አንጓዬ ገባ። ሳሎን ገብቼ ስመለከት ከበሩ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ቀጭን መስመር ግድግዳው ላይ አለ። አፈሩ ሲሸሽ ቤቱ ሊከተለው ይፈልጋል ማለት ነው። ውሃው አፈሩን ባለበት ለማቆየት ነው። ማንም ሳይነግረኝ እዚህ በመድረሴ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ልጅ ሳለ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል፤ እዚህ መንገደኛ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ከሥራ ሲመለስ የደንብ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ጓሮ ውስጥ ሦስት አሮጌ መኪኖች አሉት። በስማቸው አንጠራቸውም ነበር። ሰማያዊዋ፣ ክሬሟና ፒካፑ እንላቸው ነበር። ክሬሟ ረጅም ናት፤ ጎማዎቿ ላይ ተቀምጣ ሣር በቅሎባታል። ፒካፑ አንድ በር የለውም። ሰማያዊዋ ግን ድሮ አዲስ አበባ ታክሲ ከነበሩት ከእነዚያ ትንንሽ መኪኖች አንዷ ናት፤ ዴንተን የሚባል ከተማ ከአንድ ገበሬ በረት ውስጥ ነው ያገኛት። ይህች መኪና በጣም ትገርመኝ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ነው። የፊቱን ኮፈን ስትከፍቱት የቤንዚን ታንከሯን ታገኛላችሁ። በሯ ደግሞ ከሌሎች መኪኖች በተቃራኒ ከፊት ወደ ኋላ ይከፈታል።

ቤቱንም መኪኖቹንም የሚጠግነው አጎቴ ራሱ ነው፤ ችግሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጠገኑ ነው። አንዱን ጀምሮ የጎደለ ዕቃ ፍለጋ ሲሄድ ሌላው ላይ ይቀራል። የጓዳው በር ብሎን ፒካፑ ላይ ነው፤ የፒካፑ መስታወት መታጠቢያ ቤት ተሰቅሏል። የጋራዡ በር በእንጨት ተደግፎ ይቆማል። ሚስቱን እትዬ ነው የምላት፤ ሆስፒታል ትሠራለች።

"ይሄ ሰውዬ ቤቱን ለመኪና፣ መኪናውን ለቤት እያበላ፣ አንድ ቀን እኔ ላይም ብሎን ይፈልጋል" ትል ነበር።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ስለሆንኩ የመኪናዎቹን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ማንበብ አልችልም፤ ሥዕሉን ግን አያለሁ። አጎቴ መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ ያወጣና "ያቺን ነገር" ይላል። የቷን እንደሆነ አይናገርም። ምን እየፈታ እንደሆነ ከተከታተልኩ ግን ካቻቪቴ ይሁን ፒንሳ አውቃለሁ። እሱ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ እኔ ሳልናገር እንሠራለን። ለእኔ ከዚያ የተሻለ ሥራ አልነበረም።

አንድ እሁድ አብሮት የሚነዳ ጓደኛው መጣ። አዲስ አበባ የታክሲ ሹፌር ነበር፤ ሰማያዊዋን ሲያይ ጣሪያዋን እንደ በግ ዳሰሳት።

"ልጄን የምድረው በዚህች ነው። ሊሞ ምናምን አልፈልግም። ያሳደግኳት በእንዲህ ያለችው ነው" አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና "ስታርት ታደርጋለች አይደል?" ሲል ጠየቀ።

"ምን ማለትህ ነው? ታደርጋለች እንጂ!" አለ አጎቴ።

እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም።

ሰውየው እንደ ሄደ እትዬ ከወጥ ቤት ወጣች። "ኦኬ፣ ስማኝ። ቃል ገብተሃል። ይህች መኪና ሙሽራዋን ቤተ ክርስቲያን ካደረሰች እሰየው። መንገድ ላይ ካቆመቻት ግን ሦስቱም ከዚህ ጓሮ ይወጣሉ። ሶ፣ አስብበት።"

"እሺ" አለ አጎቴ። ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እሷው ላይ ነበርን። ካንዴላዎቹን ቀየረ፤ ካርቡሬተሩን ፈታትቶ ጋዜጣ ላይ ዘረጋው፤ እኔ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ራዲያተሩ በማፍሰሻው በኩል ሲያንጠባጥብበት ጊዜ ወደ ወጥ ቤት ገባና ትንሽ ክብ ጉሚኒ ይዞ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራዲያተሩ ደረቀ፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀመረ።

የእትዬ እናት በዚያ ሰሞን ለጥየቃ ከአገር ቤት መጥተው ነበር። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይከተሉኛል።

"ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?"

"ቤቱን ውሃ እያጠጣሁ ነው፣ እማማ።"

"ቤቱን?"

"ካልጠጣ ይሰነጠቃል።"

"ወይ አሜሪካ! ቤቱም ጠማኝ ይላል?" ጎማውን ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ሰማያዊዋ ዞሩ። "እሷስ ምንድነው የምትጠጣው?"

"ቤንዚን።"

"በየት በኩል?"

ሰው ጠይቆኝ የማውቀው ነገር ሲሆን ብርቅ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ የታንከሩን ክዳን አሳየኋቸው። "ጉድ ነው፤ አፏ ደረቷ ላይ ነው" አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊዋ ተነሳች። መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ተንተከተከች። አጎቴ በሰፈሩ አንድ ዙር ነዳት። ሲመለስ ጥሩምባውን ነፋ፤ ጎረቤቶቹ ወጥተው አዩት። እትዬ በመስኮት እያየች ፈገግ ስትል በዓይኔ ይዣታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰርጉ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አጎቴ ሊያጥባት አስነሳት። ተነሳች፤ ሳለች፤ ሞተች። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም ሳለችና ጠፋች። ከዚያ ወዲያ ጭራሽ እምቢ አለች። ካንዴላ አወጣ፣ ጠረገ፣ መለሰ። የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ተከለ።

"ከትናንት ወዲያ የዘፈነች መኪና! ማን ክፉ ነገር ተናገራት?"

እትዬ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለች። ከኋላዋ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። "ቶው ትራክ ልጥራ፣ ጎትቶ ይውሰዳት?"

"ቆይ እንጂ!"

"አንዱ ሲመጣ ሦስቱንም ይውሰድ ብዬ ነው።"

አጎቴ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። የቤንዚን ማጣሪያውን ፈትቶ ሰጠኝና "እጠቢልኝ" አለ። ውስጡ የቀረውን ባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ላይ ገለበጥኩት። ልደፋው ስል አንድ ነገር አየሁ። ብርጭቆው ውስጥ መስመር አለ። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ምንም ቀለም የሌለው። ነቀነቅኩት፤ ተደባለቀ። አስቀመጥኩት፤ ቀስ ብሎ ተለያየ፤ መስመሩ እዚያው ቦታ ተመለሰ። ደጋግሜ ነቀነቅኩት፤ ደስ ይላል። እናቴ ቅቤ ስታነጥር በደንብ ካልበሰለ ከሥሩ አጓት ያቁራል፤ እንደዚያ ነው። ቤንዚኑ እንደ ቅቤው ከላይ ተንሳፈፈ። ታዲያ ከሥር ያለው ምንድነው? በጣቴ ነካሁት። እንደ ቤንዚን ቶሎ ከጣቴ ላይ አልተነነም። ውሃ ነው።

ግን ከየት መጣ? ሰሞኑን ዝናብ የለም። የእኔ የውሃ ጎማ እስከ መኪናዋ አይደርስም። ኮፈኑን ከፍቼ የታንከሩን ክዳን አየሁ፤ ተዘግቷል። ከክዳኑ አጠገብ፣ ብረቱ ላይ፣ መስቀል የተለጠፈባት የፕላስቲክ ጠርሙስ ባዶዋን ተኝታለች። የማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ከአገር ቤት በነጠላ ጠቅልለው ያመጧት የጠበል ጠርሙስ ናት።

ጠርሙሷን ባለችበት ትቼ ብርጭቆውን ብቻ ለአጎቴ ፀሐይ ላይ ያዝኩለት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ከ... ከማጣሪያው ነው፣ ጋሼ።"

ብርጭቆውን ተቀብሎ አሽከረከረው። "ውሃ!" አለና ወደ ሰማይ አየ። እማማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

"ምነው፣ አልተስማማትም እንዴ?" አሉ።

አጎቴ ዞረ። "እማማ... ማለቴ፣ ለመኪናዋ የሰጧት ነገር አለ?"

"ጠበል ነዋ! ነገ ሙሽራ ልትሸከም አይደል? ትናንት ማታ ከፊቷም ከኋላዋም ረጨኋት። ኋላ፣ ቤቱ እንኳ እየጠጣ እሷ ምን በደለች ብዬ ትንሽ አቀመስኳት።"

"ምን ያህል?"

"አልሰሰትኩባትም።"

አጎቴ ቀስ ብሎ ወርዶ መኪናዋ ሥር በጀርባው ተኛ። ሆዱ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ መሳቁ ይሁን ማልቀሱ አልገባኝም።

"ምንድነው የተፈጠረው?" አለች እትዬ በመስኮት።

"ምንም! ማጣሪያ ነው!" አለ ከሥር።

ታንከሩን ማፍሰስ ነበረብን። ባልዲ ሞላን፤ ሁለተኛም ሞላን። አጎቴ ባልዲውን አንስቶ ወደ መንገዱ ጥግ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። "ቤንዚኑን ማዘጋጃ ቤቱ እንድንደፋ አይፈቅድም፤ ጠበሉን እማማ አይፈቅዱም" አለኝ በሹክሹክታ። እውነቱን ነው፤ ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይፈስም። ባልዲዎቹን ሳንነካ አቆየናቸው። ውሃው ሲረጋ ከላይ ቤንዚኑን በጣሳ እየቀዳሁ ወደ ጀሪካን ገለበጥኩ፤ መስመሩ ጋ ስደርስ እጄን አቀዘቀዝኩ። ከሥር የቀረውን ክዳን ባላቸው ብርጭቆዎች ሞልተን ጋራዡ ውስጥ ከፍተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። እዚያ ማንም አይረግጠውም።

ሰማያዊዋ በአዲስ ቤንዚን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሳች። አጎቴ ግን አላመናትም። "ጥጋጥጉ ላይ የቀረ አይጠፋም። ነገ ከፊት ከእኔ ጋር ትቀመጫለሽ። ሳል ከጀመረች ማጣሪያውን ፈትተሽ ታራግፊያለሽ፤ ያንቺ እጅ ትንሽ ናት፣ በቀላሉ ትገባለች።"

በማግስቱ ሐበሻ ቀሚስ ለብሼ፣ ፒንሳውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተቀመጥኩ። ሙሽራዋ ከነቬሏ ከኋላ ገባች፤ በሩ ወደ ኋላ ስለሚከፈት ቀሚሷ ምንም አልተያዘም። ሀይዌዩን ትተን በውስጥ መንገድ ሄድን። እትዬና እማማ በሌላ መኪና ይከተሉናል። ልቤ ሞተሩ ላይ ነበር። ትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ሰማያዊዋ ሳለች። አንዴ፤ ሁለቴ፤ ጠፋች።

"አንክል፣ መኪናዋ ኦኬ ነች?" አለች ሙሽራዋ።

አጎቴ እኔን አየኝ። ወረድኩ። ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ያዩኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጬ ተመልሼ እገባ ነበር። ግን ማጣሪያው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ፈለግኩ። የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ፣ ፈታሁ፣ ገለበጥኩ። ከቤንዚኑ ጋር ቁልቁል የሚንከባለሉ የውሃ ጠብታዎች ነበሩ። መንገድ ላይ ማፍሰስ አልሆነልኝም፤ በነጠላዬ ተቀበልኩት። አጥብቄ መለስኩና ጣሪያዋን መታ መታ አደረግኩ። አጎቴ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች።

ሙሽራዋ መስኮቱን አወረደች። "ምንድነው ያወጣሽው?"

"ጠበል" አልኳት።

ትን እስኪላት ሳቀች። ለማላውቀው ሰው ሳላወጣ ሳላወርድ የመለስኩት የመጀመሪያው መልስ ያ መሰለኝ።

ደረስን። እማማ ከመኪና ሳይወርዱ እልል ማለት ጀመሩ። "አላልኳችሁም? የእሱ ኃይል ነው!" አሉ። ማንም ሌላ ነገር አልነገራቸውም። እኔ ቅዳሴውን ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትኩ ቆምኩ። እትዬ ስለ መኪኖቹ ቃል አልተነፈሰችም፤ አጎቴም ለመጠየቅ ፈራ።

ሰኞ እትዬ ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤት አስጠራችኝ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። "እናቴ ስለ ጠበሉ ነግራኛለች። ማጣሪያ ነው ይለኛል!" አለች። ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። "እናቴን ለማዳን እንደዋሸ ገብቶኛል። አሁን ይሄንን አንቺ እይልኝ። እሱን አትጥሪው፤ ከመጣ ፍሪጁንም ይፈታዋል።"

ውሃውን ከዋናው ዘግቼ ቧንቧውን ፈታሁ። ውስጡ ያለው ቀላል ነው፦ ብሎን፣ ዘንግ፣ መቀመጫ። የጎደለው ጉሚኒ ብቻ ነው፤ እሱም ሰማያዊዋ ላይ ነው። እዚያ ከነቀልኩት ራዲያተሩ ያፈሳል። ጋራዥ ሄጄ ከክሬሟ ጎማ የወጣ አሮጌ ከመነዳሪ አገኘሁ። ልኩን በዘንጉ ለክቼ በመቀስ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ወፈረብኝ፤ ሁለተኛው ልክ ገባ።

እትዬ ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ጠብ አላለም። ደግማ ከፈተች፤ ዘጋች። አጎቴ በጓሮው በር ቆሞ ያያል፤ ለካ ስለ መኪኖቹ ፍርዷን እየጠበቀ ነው።

"ሦስቱም ይቆዩ እንግዲህ" አለችው ዞር ሳትል። ከዚያ ለእኔ፣ "ነገ ደግሞ የጋራዡን በር እናያለን" አለች።

በሩን ከደገፈው እንጨት በላይ ያለው ጥቅልል ሽቦ ያንን ሁሉ ክብደት እንዴት እንደሚያነሳ ከመጣሁ ጀምሮ ሲያስደንቀኝ ነበር። አጎቴን "ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?" ብዬ ጠየቅኩት።