ባሕር ውስጥ የገባ ሰፈር

የካርታ ክፍሏ ሴትዮ ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃ፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ እያንጎራጎረች፣ ሰፈር ከባሕር ታወጣለች። የተከበሩት ቀያሾቻችን ኬክሮስን በኬንትሮስ ቦታ ሞልተው ይልኩላታል፤ ኮምፒውተሩም የዋህ ነውና ክሊኒኩን ከነበሽተኞቹ፣ ትምህርት ቤቱን ከነደወሉ ባሕር መሐል ያሰፍራቸዋል። ለዚህ ድንቅ ሥራ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷቸዋል አሉ።

እኔ ጉዳዬ እስኪያልቅ ጥግ ላይ ተጎልቼ አያታለሁ። የተምታቱትን ቁጥሮች ስታቀያይራቸው ሰፈሩ ውኃውን አራግፎ ወደ ምድሩ ይመለሳል። ዛሬ ግን አንድ ቤት አስቸገረ። ቀያሾቹ የቦታውን ቁጥር ጭራሽ አልሞሉትም፤ ሶፍትዌሩም በእሱ ሰበብ ፋይሉን በሙሉ አልቀበልም ብሎ አኮረፈ።

አለቃዋ ሰዓቱን እያየ መጣ።

"አንቺ ሴትዮ፣ አምቡላንሶቹ ይሄን ካርታ እየጠበቁ ነው። ቤቱን አጥፊውና ካርታውን ጫኚው! አንድ ቤት ቢቀር ምን ይጎድላል?"

"ኧረ ምንም፣ ጌታዬ። ሰዎቹ ከእንግዲህ እንዳይታመሙ ደብዳቤ እንጻፍላቸዋ!"

አለቃዋ ሳቀ። እሷ ዜማዋን አቁማ ጫማዋን አጠለቀች፤ የቦታ መለኪያዋንም ከመሳቢያ አወጣች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ቤቱ ድረስ። ለክቼው እመጣለሁ።"

"ምን አገባሽ? አንቺን ማን ላከሽ?"

"ማንም። ወደ እናቴ የመጣውን አምቡላንስ ግን ልከውት ነበር፤ ቤታችንን አጥቶ እስኪመሽ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ" አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘግታው ወጣች።