እናቴ የቀመሰችው ወይን

ባሕር ዳር ውስጥ የትኛውም ግሮሰሪ ብትገቡ ታገኙታላችሁ። ሮዝ መልክ ያለው፣ ስኳሩ የበዛ፣ ርካሽ የወይን ጠጅ ነው። ተማሪዎች ልደት ሲያከብሩ በፕላስቲክ ኩባያ ይጠጡታል፤ ሴቶች ከሥራ ሲወጡ ቀዝቀዝ አድርገው ያዝዙታል። እንደ ቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው የለም። እኔ ግን ያን ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ሳየው፣ ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ እንኳ፣ ፊቴን አዙሬ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ የልጄ ጓደኛ ገዝታልኝ መጥታ፣ ገና ሳትቀመጥ «አውጡልኝ» ብዬ ልጅቷን አሳፈርኋት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። አባቴ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን «ለወንበዴ ዱቄት ፈጭተሃል» ብለው ያዙት። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው የመጣለትን ሁሉ ይፈጫል እንጂ ዱቄቱ በማን ሆድ እንደሚገባ ምን ያውቃል? ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ግን በከተማው አልነበረም። ያሰሩት ከአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ጀርባ በነበረ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጠዋትና ማታ በአገልግል ምግብ አደርስለታለሁ፤ ጠባቂው ይቀበለኝና ባዶውን ይመልስልኛል። ባዶ አገልግል ማለት አባቴ አለ፣ በልቷል ማለት ነው። «ከነገ ጀምሮ አታምጡ» የተባለ ቤት ግን ወዲያው ለቅሶ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ወደዚያ በር በተጠጋሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የጠባቂውን አፍ ነበር።

እናቴ ተሳለች። ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተደፍታ «ባሌ በእግሩ ቤቱ እስኪገባ የሚያሰክር ነገር ከአፌ አይገባም» አለች። ለእሷ ቀላል ስለት አልነበረም። ጠላ ጠምቃ ትሸጥ ነበር፤ ሳይቀመስ የሚሸጥ ጠላ ደግሞ የለም። በእኛ አገር መጠጥ የምትቀዳ ሴት መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ነው ለእንግዳው የምትሰጠው። መጠጤ ንጹሕ ነው፣ መርዝ የለበትም ማለቷ ነው። ከስለቱ ወዲህ ቀማሿ እኔ ሆንሁ።

የአባቴ ጉዳይ በእጁ የነበረው ካድሬ ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ነው። ጠላችን ጢስ ጢስ ይለዋል፣ አረቄ ሆዱን ያቃጥለዋል። የሚወደው ያን ሮዝ ወይን ነበር፤ ማታ ማታ እንደ ውሃ ይጠጣዋል ይባላል። በዚያ ሰሞን ግን ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት አውቶቡስ ስለጠፋ ወይኑም ከከተማው ጠፍቷል። እናቴ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «ቤቴ ጠርቼ ያን ወይን ካጠጣሁት፣ እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ» አለች። እኔ አልፈለግሁም። ጅብን በር ከፍቶ እንደ ማስገባት ሆነብኝ። ግን ሌላ ምን አለን?

ወይኑን ያመጣልን የአባቴ ወዳጅ የሆነ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ በበቅሎ ከደብረ ታቦር ጨው እያመጣ ይሸጣል። ጠርሙሱን በጨው ጆንያ ውስጥ ሸጉጦ መጣ። «ይህን ነገር ስሸከም በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ለወዳጄ ስል ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ» አለና ከነጆንያው አስረክቦን ሄደ። በመንገድ ፍተሻ ላይ ቢይዙት ኖሮ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

እናቴ ስትጠራው ካድሬው እሺ ብሎ እሑድ ከሰዓት ሊመጣ ሆነ። ከመድረሱ በፊት አንድ ጣጣ መጣ። ጠርሙሱ በቡሽ የተደፈነ ነው፤ እኛ ደግሞ ጋን እንጂ ቡሽ ከፍተን አናውቅም፤ መክፈቻም የለን። እናቴ እንግዳ ፊት ከጠርሙስ ጋር መታገሉ ነውር ሆነባት። «ተከፍቶ፣ ተሰናድቶ ይቅረብለት» ብላ በማማሰያው እጀታ ቡሹን ወደ ውስጥ ገፋችው። ወይኑ እጇ ላይ ሲረጭ ስለቷን አስባ በቀሚሷ ጠረገችው። እኔም መላ አገኘች ብዬ ደስ አለኝ።

ካድሬው አንድ ሚሊሺያ አስከትሎ ገባ። ሚሊሺያው ወገዳ ያደገ፣ የአገራችንን ወግ የሚያውቅ የስማዳ ሰው ነው፤ ጠመንጃውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እናቴ ብርጭቆውን ሞልታ በሁለት እጇ አቀረበች።

«ይጠጡልኝ፣ ጓድ ጌታዬ» አለች። ከፍርሃቷ የተነሣ የድሮውንና የዘመኑን አንድ ላይ አደባለቀችው። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ካድሬው ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሚሊሺያው «ቆይ ጓድ» አለ። ወደ እናቴ ዞረና «ምነው እትዬ? ሳይቀምሱ ነው እንዴ የሚሰጡት?» አላት።

ቀማሿ እኔ ነበርሁ፤ ከድንጋጤዬ ረስቼዋለሁ። ካድሬው ብርጭቆውን አስቀመጠና ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ቡሹ ውስጡ ይንሳፈፋል።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ማን ፊት?»

ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ አንድ የካድሬው ባልደረባ የተገደለበት ሰሞን ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ፈርቷል። የእሱ መፍራት የኔን ፍርሃት እጥፍ አደረገው፤ የፈራ ባለሥልጣን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅማ። አባቴን ልናስፈታ ብለን ሁላችንም መጋዘኑ ልንገባ ነው አልሁ በልቤ።

«እኔ ልቅመስ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«አንቺ ተቀመጪ። የቤቱ እመቤት ይቅመሱ።»

ብርጭቆውን ሰጣት። እናቴ ስለቷን ልትነግረው አትችልም ነበር። አንተ ያሰርኸው ሰው እንዲፈታ ተስያለሁ ተብሎ ለአሳሪው ይነገራል? ደግሞስ ማን ያምናታል? ወደ እኔ አየች። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ጠጪ ማለቴ ይሁን ተይ ማለቴ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመዳፏ ጠብ ልታደርግ ስትል «ሙሉውን» አላት።

ጠጣችው። ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። እነሱ እናቴ ተዝለፍልፋ ትወድቅ እንደሆነ ይጠብቃሉ፤ እኔ ሰማዩ ይደረመስብን እንደሆነ እጠብቃለሁ። ምንም አልሆነም። ካድሬው ሳቀ። ተቀዳለት፣ ጠጣ፣ አስደገመ። ፊቱ ፈታ ብሎ ስለ ትምህርቴ ሁሉ ጠየቀኝ። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ስትለምነው ክንዷን ይዞ አነሣትና «አይዞዎት፣ ነገ ትሰማላችሁ» አላት። ጠርሙሱን ጨርሶ ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አገልግሉን ይዤ እየሮጥሁ ሄድሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠባቂው ግን እጁን አልዘረጋም።

«ከነገ ጀምሮ አታምጡ» አለ።

«የት ወሰዳችሁት?» ብዬ ጮኽሁ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዝም በይ። ጠዋት አንቺ ቁርሱን ሰጥተሽ እንደሄድሽ በወታደር መኪና ወደ ደብረ ታቦር ጫኑት። ያዘዘው ጓድ ራሱ ነው» አለኝ። እንግዲህ ያ ሰው እቤታችን ተቀምጦ ወይን ሲቀዳለት፣ እናቴን አይዞዎት ሲላት፣ ሁሉን ያውቅ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ደብረ ታቦር ሄድን፤ የለም አሉን። ጎንደር ሄድን፤ ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። አባቴን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

እናቴ ከዚያ በኋላ በፍርሃት ኖረች። መብረቅ ሲመታ፣ የልጅ ልጆቿን ሲያተኩሳቸው፣ «የኔ ጣጣ ነው» ትላለች። የነፍስ አባቷ «ተገደሽ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ቀኖና ሰጥተው ፈቷት። አልበቃትም፤ የድጓ ሊቃውንት ካሉበት ደብር ከቤተ ልሔም ድረስ በእግሯ ሄዳ ሊቃውንቱን ጠየቀች። እነሱም ያንኑ ነገሯት። እንደፈራች ተመለሰች። እኔም ሳላምንበት ፍርሃቷ ተጋባብኝ፤ ልጆቼ ባሳላቸው ቁጥር እደነግጣለሁ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ምስር እየለቀመች ነበር።

«እማ፣ ስሚኝ» አልኋት። «እሱን የወሰዱት ጠዋት ነው። አንቺ የጠጣሽው ከሰዓት ነው። ያንቺ ስለት እንዴት አድርጎ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰው ይወስዳል?»

እጇን ከምስሩ አነሣች።

«እሱንማ አውቃለሁ ልጄ» አለች። «ተገድጄ መጠጣቴንም እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈሪው?»

ቀና ብላ አላየችኝም።

«ጣፈጠኝ» አለች። «አባትሽ እንደዚያ ሆኖ፣ እኔን ጣፈጠኝ።»